የቃሪያና የደበርጃን ዘር፦ በመደብ ወይስ በኩባያ?

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የክረምቱ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ የቃሪያና የደበርጃን ዘር ደግሞ በሚገባ የሚበቅለው የአፈሩ ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። በመደብ መዝራት ወጪው አነስተኛ ቢሆንም፣ ዝናብ የጠገበ አፈር ቶሎ ስለማይሞቅ ዘሩ ሳይበቅል ሊበሰብስ፣ የበቀለውም ከግንዱ ሥር ጠቁሮና ቀጥኖ ሊወድቅ ይችላል። ታቹ በተበሳ የፕላስቲክ ኩባያ የተዘራውን ግን ማታ ወደ ቤት ማስገባት፣ ጠዋት ፀሐይ ወደሚያገኘው በረንዳ ማውጣት ይቻላል፤ ሲዛወርም ሥሩ እምብዛም ስለማይነካ፣ ከቃሪያ ይልቅ ብርድ ለሚፈራው ደበርጃን በተለይ ይስማማዋል (ኩባያ ቶሎ ስለሚደርቅ ውኃውን መርሳት ግን አይቻልም)። ለጓሮው ጥቂት ችግኝ ለሚፈልግ ሰው ኩባያው ይሻላል፤ ለገበያ የሚያመርት ግን መደቡን ከፍ አድርጎ በሣር ጉዝጓዝ ይሸፍን፣ ቡቃያው ብቅ እንዳለም ጉዝጓዙን ያንሣ።