ዳቦ ብላ ጽፋ ባዶ ሆነ፦ የእንጨት ፊደል ሰሌዳ ከስድስት ሳምንት በኋላ

የልጅ ልጄ አምስት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። ጥር ውስጥ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መሶብ ሥላ፣ ከጎኑ አንድ ቃል ጽፋ ለባለቤቴ አመጣችላት። ባለቤቴ መነጽሯን አድርጋ አየችውና ፊቷ ተለወጠ። «ባዶ» ይላል። «ምነው ልጄ፣ እዚህ ቤት መሶብ ባዶ ሆኖ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት። ልጅቱ ግራ ገባት፤ ጣቷን ከቀኝ ወደ ግራ እየጎተተች «ዳ… ቦ» ብላ አነበበችላት።

እኔ ወረቀቱን ገና ከሩቅ ሳየው ዳቦ ብዬ ነበር ያነበብኩት። ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት ጋዜጣውም መጽሐፉም የሠርግ ጥሪውም እርሳስ ከሚባለው ብረት በተሠራ ፊደል፣ አንድ በአንድ በእጅ ተለቅሞ ነበር የሚታተመው። ሥራውን ያስተማሩኝ በ1914 ዓ.ም. በተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ያረጁ ሰዎች ነበሩ። የእርሳስ ፊደል ወረቀት ላይ ቀንቶ እንዲወጣ ራሱ የተገላቢጦሽ ሆኖ ይቀረጻል። ስለዚህ የእኔ ዓይን ዕድሜውን ሙሉ የኖረው የልጅ ልጄ አሁን በምትኖርበት አገር ነው።

የአማርኛን ፊደል ልብ ብላችሁ ካያችሁት ለሕፃን ወጥመድ የሞላበት ነው። በራብዕ ብዙውን ጊዜ የቀኙ እግር ይረዝማል፤ በሳብዕ የግራው። ባ መስታወት ፊት ብትቆም ቦን ታያለች። ሳ ሶን፣ ካ ኮን፣ ሻ ሾን። ቡ ጭረቷ በቀኝ ወገቧ ላይ ነው፣ ብ ደግሞ በግራ፤ «ቡና» ብሎ የጀመረ ልጅ «ብና» ብሎ ቢጨርስ አይፈረድበትም። ዳቦን እንዳለ ወስዳችሁ በመስታወት ብታዩት ከሞላ ጎደል ባዶ ነው። ይህን በሃያ ሁለት ዓመት ሥራ አላስተዋልኩትም፤ ያሳየችኝ እሷ ናት።

ነገሩ በሣቅ ያልፍ ነበር። ግን በዚያው ሳምንት ከምትማርበት መዋዕለ ሕፃናት በመገናኛ ደብተሯ ላይ «ፊደል ትገለብጣለች፣ ልዩ ትኩረት ያስፈልጋታል» የሚል ማስታወሻ መጣ። ልጄ፣ ማለትም እናቷ፣ ሌሊቱን በስልኳ ስታነብ አደረች። ጠዋት ዓይኗ ቀልቶ «አባዬ፣ የማንበብ ችግር ቢኖርባትስ?» አለችኝ። ቅዳሜ መገናኛ ወረድኩና ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያና የሕፃናት መጫወቻ መደብር ይህን ዕቃ በ2,400 ብር ገዛሁ።

ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ነገር አለ። አንደኛው ሠላሳ ሦስቱ ግዕዞች በጥልቀት የተቀረጹበት የእንጨት ሰሌዳ ነው። ሁለተኛው ተቆርጠው የወጡ 49 የእንጨት ፊደላት፣ ማለትም ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሰ፣ በ፣ ተ እና ከ ከነሰባት ቤታቸው። ሦስተኛው የመልመጃ መጽሐፍ ነው። ሳጥኑ ላይ በትልልቁ «ፊደል መገልበጥ በ21 ቀን ያበቃል!» ተብሎ ተጽፏል። ሻጩን «ይህ እውነት ነው?» ብለው «አባቴ፣ የወሰደ ሁሉ አመስግኖኛል» አለኝ። ሻጭ ነው፣ ምን ይበል።

ከሰሌዳው ልጀምር፤ ገንዘቡን ያወጣው እሱ ነው። ፊደላቱ የተቦረቦሩት የልጅ ጣት እንዲገባ ተደርጎ ነው፤ ጠርዙ በደንብ ተልጓል፣ ስንጥር አይወጋም። እያንዳንዱ ፊደል ላይ ጣት የሚነሳበት ቦታ በአረንጓዴ ነጥብ ታይቷል። ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና ጣቷን ትሰዳለች፣ እኔ እጠይቃታለሁ፣ ትመልሳለች። ሀ ታች ክብ ነው፤ በ ላይ ጣሪያ አለው። ሐመሩ ሐ ሦስት እግሩን ወደ ታች ዘርግቷል፤ ንጉሡ ሠ ወደ ላይ። እነዚህ ጥንዶች አንዱ የሌላው ግልባጭ ናቸው ማለት ይቻላል። ዓይን ሲያምታታት እጇ ይለያቸዋል። ደግሞም ሰሌዳው አንድ ገጽ ብቻ ነው ያለው፤ በየትኛውም በኩል ብትይዘው ፊደሉ ጀርባውን አይሰጣትም። ነጥቡን ግን በርካሽ ቀለም ስለቀቡት በሁለተኛው ሳምንት መላቀቅ ጀመረ። በባለቤቴ የጥፍር ቀለም መልሼ ቀባሁት፣ እስካሁን አለ።

አሁን ወደ 49ኙ ቁርጥራጭ። የሠራቸው ሰው አናጢ እንጂ ፊደል የሚያውቅ ሰው አይመስለኝም። ሁለቱም ፊታቸው አንድ ዓይነት ነው! ያው ቀለም፣ ያው ልስላሴ፣ ፊቱ የት እንደሆነ የሚለይ ምንም ምልክት የለም። ባን ገልብጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ብታስቀምጧት ቦ ናት። ካን ብትገለብጡ ኮ። ፊደል እንዳትገለብጥ የተገዛ መጫወቻ ፊደሉን አንሥቶ እጇ ላይ ይገለብጥላታል። በመጀመሪያው ቀን «አባባ፣ ሁለት ባ አለ፣ ቦ ግን የለም» ብላ መጣች። ቦ እጇ ላይ ነበረች፣ በጀርባዋ ተኝታ።

ልጆች ለምን እንደሚገለብጡ ቢያውቁ ኖሮ እንዲህ አይሠሩም ነበር። ጀበናን አስቡ። ጆሮዋ ወደ ቀኝ ቢዞር ወደ ግራ ቢዞር ጀበና ጀበና ናት። ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ የሚማረው ይህን ነው፤ ላሟ ወደዚህም ወደዚያም ብትሄድ ያችው ላም ናት። አምስት ዓመት ይህን አጥብቆ ከተማረ በኋላ ድንገት ፊደል የሚባል ነገር ይመጣና «ፊትህን ካዞርክ ስምህ ይለወጣል» ይላል። ይህን ለመቀበል አእምሮው ጊዜ ይፈልጋል። አብዛኞቹ ልጆች እስከ ሰባት ዓመት ገደማ አልፎ አልፎ ይገለብጣሉ፣ ከዚያ ይተዋሉ። የእኛይቱ መጀመሪያም ከቀኝ የጀመረችው መሶቡ የወረቀቱን ግራ ስለሞላው ይመስለኛል። ቦታ ያገኘችው ቀኝ ጫፍ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ ተነስታ ወደ ክፍት ቦታው ተጓዘች፣ ፊደሎቹም አብረዋት ዞሩ። አሁን ወረቀቱ ግራ ጠርዝ ላይ በቅድሚያ አረንጓዴ ነጥብ አደርግላታለሁ። ከሰሌዳው የተማርኩት ነው፤ ይህ ብቻውን ከመጽሐፉ ሁሉ በልጧል።

ጥንትም ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር ነውር አልነበረም። የፊደላችን አባት በሆነው በጥንቱ የሳባ ጽሕፈት በተቀረጹ ድንጋዮች ላይ አንዱ መስመር ከቀኝ ወደ ግራ ሄዶ ቀጣዩ ከግራ ወደ ቀኝ የሚመለስባቸው አሉ፣ ልክ እንደ በሬ ትልም፤ ፊደሉም ከመስመሩ ጋር ፊቱን ያዞራል። እኔ ራሴ የኔታ ዘንድ ፊደል ስቆጥር ማንም ጻፍ አላለኝም። በስንደዶ እየጠቆምን ማንበብ ብቻ ነበር፤ መጻፍ ከዓመታት በኋላ መጣ። ያልጻፈ ልጅ ምን ይገለብጣል?

ለእናቷም ይህንኑ ነገርኳት። በ1925 እ.ኤ.አ. ሳሙኤል ኦርተን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የማንበብ ችግርን ከፊደል መገልበጥ ጋር አያይዞ ስለጻፈ፣ ሐሳቡ እስከ ዛሬ በሰው አፍ ላይ አለ። በኋላ የመጡት ጥናቶች ግን የችግሩ ዋና ሥር ዓይን ላይ ሳይሆን የቃልን ድምፅ ለይቶ ከፊደሉ ጋር ማገናኘት ላይ እንደሆነ ነው የሚያሳዩት። የልጅ ልጄ «ዳቦ በምን ይጀምራል?» ስትባል ሳታመነታ «በዳ» ትላለች። ሰባት ስምንት ዓመት ሞልቷት አሁንም የምትገለብጥ፣ ማንበቡም የሚከብዳት ከሆነ ያን ጊዜ ባለሙያ ዘንድ እንወስዳታለን። ስለዚህ «በ21 ቀን» የሚለው ነገር ከሳጥኑ ላይ መፋቅ አለበት። የፈራ ወላጅ ኪስ ለመግባት የተጻፈ ነው።

መጽሐፉን በአጭሩ። ወረቀቱ ስስ ነው፣ እርሳሱ ወደ ኋላ ያልፋል። «የተሳሳተውን ፊደል ፈልግ» እያለ ሆን ብሎ የተገለበጡ ፊደላትን በየገጹ ደርድሯል፤ ትክክለኛውን ገና በቅጡ ላልያዘች ልጅ ስህተቱን አስር ጊዜ ማሳየት ምን ይባላል? ገጽ 11 ላይ ደግሞ የካሮት ሥዕል አለ፣ ከሥሩ «ኮሮት» ይላል። ይህኛው ሆን ተብሎ አይደለም። በእኛ ጊዜ ካ እና ኮ የሚቀላቀሉት ከሕትመት በኋላ የእርሳስ ፊደሉን ወደ ማስቀመጫ ሣጥኑ ስንመልስ በተሳሳተው ክፍል ውስጥ ስንጥል ነበር፤ ሣጥኑ ከ200 በላይ ክፍል ነበረው፣ ሰው ይደክማል። እነዚህ በኮምፒውተር ተቀምጠው ምን ሆነው ነው?

ቁርጥራጮቹን ልጥላቸው ነበር፤ ባለቤቴ ከለከለችኝ። ከዚያ የጥንቱ ሙያዬ ታወሰኝ። የእርሳስ ፊደል እግሩ ላይ በአንድ ጎኑ ጭረት ነበረው። ለቃሚ በጣቱ ጭረቱን ሲዳስስ ፊደሉ እንዴት እንደቆመ ሳያይ ያውቃል። መስመሩን በእጃችን ስንደረድር ፊደሉ ተዘቅዝቆ ነበር የምናየው፤ ሀ በን፣ ሐ ሠን መስሎ። ያለ ጭረቷ ጋዜጣ አይወጣም ነበር። ሞረድ አወጣሁና የ49ኙንም የታች ጠርዝ፣ ከፊታቸው በኩል፣ አንድ አንድ ጊዜ ሞረድኩ። ሁለት ምሽት ፈጀብኝ። አሁን «ጭረቷ ወደ ሆድሽ፣ ወደ ላይም እያየችሽ» የሚል ሕግ አለን። ካን ከጠረጴዛ ሥር በእጇ ዳስሳ ትለያለች። አምራቹ ይህን ካነበበ፦ አንዱን ፊት ቀይ ቀለም ቀቡት፣ በቃ። ጭረት ካበጃችሁ ደግሞ የተሻለ።

ስድስት ሳምንት ሆነው። ዳቦን በትክክል ትጽፋለች፣ ካ እና ኮም ተለይተዋል። ቡና ከአምስት ሁለቴ ብና ነው፤ ቁጥር 3 አሁንም ፊቷን ወደ ፈለገችው ታዞራለች። የሰሌዳው ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ፣ የዕድሜዋስ ምን ያህል እንደሆነ መለየት አይቻልም። ሰሌዳው ለብቻው ቢሸጥ 1,200 ብር ሳልከራከር እከፍላለሁ። ለብቻው አይሸጥም፤ ጠይቄያለሁ።

መጽሐፉንና ቁርጥራጮቹን መልሼ የተወሰነ ብር እንዲመልሱልኝ ልሞክር አስቤም ነበር። ማክሰኞ ደረሰኙን ከመሳቢያ ሳወጣ ለማስታወሻ ያስቀመጥኳት አንዲት የእርሳስ ፊደል አብራ ወጣች። ልጅቱ አገላብጣ አየቻትና «ባ!» አለች። ማኅተም የምመታበት ቀለም ላይ ነክሬ ወረቀት ላይ ተጫንኩት፤ ቦ ሆኖ ወጣ። ፊደሏን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ እንደገና ፊደሏን አየች። ከዚያ ነጠቀችኝ። እጇን በሳሙና ሳስታጥባት ደረሰኙ ከላይ እስከ ታች ቦ ብቻ ሆኖ ነበር፤ ቀኑም ዋጋውም አይነበብም።