ለንደን ብለው ሉተን ሸጡልን

ወገን፣ ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። ከበረደማ «ተዪው፣ ለእግዜር ስጪው» ይሉኛል፣ እኔም እተወዋለሁ።

ሰዎቹን ታውቋቸዋላችሁ። ከሲኤምሲ እስከ አያት ባለው መስመር፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ወይ አራተኛ ፎቅ። ግድግዳው ላይ ቢግ ቤን፣ ጠረጴዛው ላይ ትንሽዬ አውሮፕላን፣ ገና ሳትቀመጡ የሚቀርብ የታሸገ ውኃ። «ቪዛ፣ ቲኬት፣ ሆቴል፣ ሁሉንም እኛ እንጨርሳለን፣ እርስዎ ሻንጣ ብቻ ያዘጋጁ።» ቲክቶክ ላይ ቪዛ የተመታበት ፓስፖርት እያውለበለቡ የሚጨፍሩት እነሱ ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጠራም፤ ጉዳዩን ወደ ሕግ እየወሰድኩት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታናሽ እህቴ ለንደን ልትመረቅ ነው። እማዬ «የዚችን ልጅ ምረቃ ሳላይ አልሞትም» ካለች ቆይታለች። እህቴ ቤት ተጋርታ ነው የምትኖረው፤ ያቺ ከተማ ውድ ናት፣ ክፍሏ ውስጥ ከአልጋዋ ሌላ ፍራሽ መዘርጊያ የለም። ስለዚህ ሆቴል ግድ ሆነ። የጉዞ ወኪሉ ቢሮ ያስተናገደችንን ልጅ የጠየቅናት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኪንግስ ክሮስ አካባቢ ይሁን። ከሂትሮው አየር ማረፊያ ፒካዲሊ የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ሳይቀየር እዚያ ድረስ ያደርሳል። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ሻንጣ ይዛ ከባቡር ባቡር መቀያየር አትችልም። ይኼን ሁሉ አስረዳኋት። ማስታወሻዋ ላይ «ኪንግስ ክሮስ፣ እናት ጉልበት» ብላ ስትጽፍ አይቻለሁ።

ከዚያ የታወቀው ዜማ መጣ። «ሆቴሉ ሙሉ በሙሉ ካልተከፈለ ኤምባሲው ፋይላችሁን አይከፍተውም።» ውሸት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ራሱ ባወጣው የጎብኚ ቪዛ ሰነድ መመሪያ ላይ፣ አትላኩ ከተባሉት ወረቀቶች መካከል የሆቴልና የበረራ ቡኪንግ አሉበት። ጭራሽ አይፈልጉትም! እነሱ የሚያዩት የባንክ ደብተርሽን፣ ሥራሽን፣ ተመልሰሽ የምትመጪበትን ምክንያት ነው። ግን እኛ ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ የለንም። እነሱም የሚይዙን እዚችው ላይ ነው።

ለአምስት ሌሊት ሁለት አልጋ ያለው ክፍል 180 ሺህ ብር። ክፍያው ወደ ግለሰብ አካውንት ገባ፤ «የድርጅቱ ሲስተም ዛሬ አስቸግሮ ነው» ተባለ። ደረሰኙ በእጅ የተጻፈ ነበር። በዚያ ላይ «የጉብኝት ፓኬጅ» ብለው 14 ሺህ ብር ጨመሩ፦ የብሪቲሽ ሙዚየምና የናሽናል ጋለሪ መግቢያ፣ ለሁለት ሰው። ሁለቱም መግቢያቸው ነጻ ነው፤ የሚያስከፍሉት ለልዩ ኤግዚቢሽን ብቻ ነው። እማዬ ደግሞ ብሪቲሽ ሙዚየም የፈለገችበት የራሷ ምክንያት ነበራት። በ1860 ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦታት እዚያ ግምጃ ቤት እንዳሉ ቤተ ክርስቲያን ሰምታለች። ለእይታ እንደማይወጡ ብነግራትም «ደጁን ተሳልሜ እመለሳለሁ» አለች። እንግዲህ ደጅ ለመሳለም ነው 14 ሺህ የተቀበሉን።

ቪዛው መጣ። አልክድም፣ መጣ። ቀጥሎ የሆቴሉ ወረቀት በኢሜይል ደረሰኝ። ከላይ በትልቁ «ለንደን» ይላል። ደስ ብሎኝ ለእህቴ በቴሌግራም ላኩላት። ወዲያው ደወለች።

«ይኼ ሆቴል ሉተን ነው።»

«ሉተን ምንድነው?»

«ሌላ ከተማ ነዋ! ከለንደን ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ። ርካሽ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት።»

የዚያ አየር ማረፊያ ሙሉ ስሙ «ለንደን ሉተን» ነው፤ ሆቴሉም አጠገቡ ስላለ ስሙን ይጋራል። የለንደን ትራንስፖርት ከዞን 1 እስከ 9 ይቆጠራል። ሂትሮው እንኳን ዞን 6 ውስጥ ነው። ሉተን አንዱም ውስጥ የለችም። አዲስ አበባን ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ ቢሾፍቱ አሳድሮ «ቦሌ ነህ» እንደማለት ነው። እህቴ ያንኑ ክፍል ለዚያው ቀን ኢንተርኔት ላይ ብትፈልገው በሌሊት 62 ፓውንድ አገኘችው።

በማግስቱ እማዬን ይዤ ሄድኩ። ባልወስዳት ይሻል ነበር፤ ግን «እኔም ፊቷን ልየው» አለችኝ። ሊፍቱ አይሠራም። ያንን ደረጃ እየደገፍኳት ወጣን።

ልጅቷ ስልኳን እየነካካች ነበር። ሌላ ጊዜ ከወንበሯ ተነስታ «እንኳን ደህና መጡ» የምትለው ልጅ፣ ቀና ሳትል በአገጯ ወንበር አሳየችን። የታሸገው ውኃም የለም። ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይኼ ኪንግስ ክሮስ አይደለም» አልኳት።

በጥፍሯ ርዕሱን መታ መታ አደረገችው። ረጅም ቀይ ጥፍር ነው፣ አሁንም ይታየኛል። «ለንደን ይላል። ማንበብ ትችያለሽ አይደል?»

እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበርኩ። ብሩ ከገባ በኋላ «አንቺ» ሆንኩ።

«ሉተንም ይላል» አልኳት።

«ለንደን ሉተን። ለንደን ነው። በባቡር ግማሽ ሰዓት ነው።» ከሆቴሉ ጣቢያ ድረስ ያለው መንገድ፣ ጥበቃው፣ ደረጃው፣ የሁለት ሰው የየቀኑ ቲኬት፣ ከሂትሮው ተነስቶ እዚያ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ፣ ይኼ ሁሉ በእሷ ቤት አይቆጠርም።

እማዬ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አደረገችና በለሆሳስ «ልጄ፣ እኛ እኮ አምነንሽ ነው» አለቻት።

ልጅቷ ያኔ ነው ቀና ያለችው። ፈገግ አለች። «እማማ፣ እርስዎ ለንደንን አይተውት አያውቁ። ሉተን ይሁን ኪንግስ ክሮስ በምን ይለዩታል?»

አጠገቧ ያለው ልጅ ማኪያቶውን አፉ ላይ እንደያዘ ሳቀ። ተደብቆ እንኳን አይደለም። አረፋው አፍንጫው ላይ ቀረ፤ እሱን እየጠረገ ደገመው።

እማዬ ምንም አላለችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የጠረጴዛውን አውሮፕላን ታያለች። ሠላሳ ዓመት ያስተማረች ሴት ናት። የዚያን ልጅ እኩያ ስንቱን ፊደል አስቆጥራለች።

እኔ መጮህ ስጀምር ሥራ አስኪያጁ ከውስጠኛው ክፍል ወጣ። ሱፍ ለብሷል፣ ካልሲ የለውም። ውሉን አምጥቶ አንድ መስመር አሳየኝ፦ «ለንደንና አካባቢዋ»። ሲያስፈርሙን «ይኼ ፎርማሊቲ ነው» ብለው በፍጥነት ያገላበጡት ገጽ ላይ ነው ያለው። ከሥሩ ደግሞ «ክፍያው ተመላሽ አይሆንም»።

ዋናው ጉድ ግን ገና ነበር። እህቴ ስልክ ላይ ናት፣ ላውድ ላይ አድርጌያታለሁ። «የወረቀቱን የመጨረሻ መስመር አንብቢላቸው» አለችኝ። በእንግሊዝኛ በትንሹ ተጽፏል። ትርጉሙ ክፍያ የሚፈጸመው ሆቴሉ ሲደረስ ነው፣ እስከዚያ በነጻ መሰረዝ ይቻላል። ገባችሁ? ሉተኗም አልተከፈለችም! 180 ሺህ ብራችን አንድም ሆቴል ጋ አልደረሰም። እዚያ ደርሰን፣ እማዬ ከሌሊት በረራ ወርዳ፣ ሪሴፕሽኑ ጋ «ካርድ ስጡን» ልንባል ነበር።

ሥራ አስኪያጁን «ብሩ የት ነው?» አልኩት። «ፕሮሰስ ላይ ነው» አለኝ። የምን ፕሮሰስ? «እንደውላለን።» ልጅቷ ስልኳ ላይ ተመልሳለች። ጥበቃው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እሱ ብቻ ነው እማዬን «እናቴ፣ ቀስ ይበሉ» ብሎ ደረጃውን ይዟት የወረደው።

አልደወሉም። ስደውል አያነሱም። በሌላ ቁጥር ስደውል ያነሱና ድምፄን ሲሰሙ ይዘጉታል።

ሰሞኑን ወደዚያ የምታስቡ ካላችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ፎርሙ የእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ አለ፣ ማንም ይሞላዋል። ቪዛ ሳይመጣ ለሆቴል አምስት ሳንቲም አትክፈሉ። ክፍያ በግለሰብ አካውንት ካሉ ተነስታችሁ ውጡ። የሆቴሉን ሙሉ አድራሻ ከነፖስታ ኮዱ ጠይቁ፤ ኪንግስ ክሮስ አካባቢ ከሆነ በ«ኤን» ወይም በ«ደብሊው ሲ» ይጀምራል፤ «ኤል ዩ» ካለ ሉተን ነው። ዘመድ ካላችሁ ሆቴሉ ጋ ይደውልና ተከፍሎ እንደሆነ ይጠይቅላችሁ።

እኛ እንሄዳለን። ቲኬቱን ዕድሜ ለአክስቴ ልጅ በቀጥታ ከአየር መንገዱ ነበር የቆረጥነው። እህቴ ከጓደኞቿ ተበድራ ኪንግስ ክሮስ አካባቢ ጠባብ ክፍል ይዛልናለች፣ ምድር ቤት፣ ደረጃ የለውም። ተማሪ ልጅ በዕዳ ገባች ማለት ነው። እኔ ደግሞ ደረሰኙን፣ ውሉን፣ የባንኩን ወረቀት ኮፒ አድርጌ ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ አስገብቻለሁ። በዚህ ዓይነት የተነካችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አብረን እንከሳለን።

ትናንት ማታ አዲስ ቪዲዮ ለቀዋል። «ለንደን በልዩ ቅናሽ፣ ሆቴሉ መሃል ከተማ» ይላል። ያቺው ልጅ ናት፣ ያው ጥፍር። ከሥሩ «የሆቴሉ ፖስታ ኮድ ስንት ነው?» ብዬ ጻፍኩ። ብሎክ አደረጉኝ።