ድራፍቲንግ (የሕንፃና የማሽን ንድፍ መሳል) ለመማር፦ ቴክኒክና ሙያ ወይስ አጭር የአውቶካድ (በኮምፒውተር ንድፍ መሳያ ሶፍትዌር) ኮርስ?

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ልጆች ይህን ደጋግማችሁ ትጠይቃላችሁ።

ጊዜና ወጪ፦ ኮርሱ በጥቂት ወራት ያልቃል፣ ግን ከኪስ ነው። ቴክኒክና ሙያ ረጅም ነው፤ የመንግሥት ኮሌጅ ከገባችሁ ወጪው ይቀላል።

ችሎታ፦ ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው። ኮርሱ ሶፍትዌሩን ያስለምዳችኋል፤ ፕላኑ (ከላይ የሚታየው)፣ ሴክሽኑ (ተቆርጦ ውስጡ የሚታየው) እና ኤሌቬሽኑ (ከፊት ወይም ከጎን የሚታየው) መጣጣማቸውን ማየት፣ በ1:100 የተሳለ 5 ሴንቲሜትር መሬት ላይ 5 ሜትር መሆኑን ወዲያው ማወቅ ግን በእጅ ስሎ፣ በመምህር ታርሞ የሚመጣ ነው። ይህን በጣም አምንበታለሁ!

ስጋት፦ መሠረቱ ከሌለ የተሳሳተ ልኬት ሳይት ላይ ብረትና ሲሚንቶ ይበላል።

12ኛን ገና ለጨረሰ፣ ኮሌጁ። በሲቪል ምህንድስና ለተመረቀ ወይም ግንባታ ላይ ለሚሠራ፣ ኮርሱ ይበቃል። ፋብሪካ ገብቶ የማሽን ዕቃ መሳል ለሚያስብ ደግሞ፣ በሁለቱም መንገድ ሶሊድወርክስ (የማሽን ዕቃ በ3D መሳያ ሶፍትዌር) ይጨምርበት።