የደሴ–ኮምቦልቻ ሚኒባስ አገልግሎት፦ መንገድ ላይ ደህና፣ ማሳፈሪያ ላይ ደካማ

ሦስት ዓመት ሙሉ ደሴ እያደርኩ ኮምቦልቻ ስውል ቆይቻለሁ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ስለሚመላለሰው የሚኒባስ አገልግሎት የምሰጠው አስተያየትም ጠዋትና ማታ ከፍሎ የሚሳፈር ደንበኛ አስተያየት ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ መኪናው ከተነሳ በኋላ ያለው አገልግሎት ጥሩ ነው፤ ከመነሳቱ በፊትና ከወረዱ በኋላ ያለው ግን ገንዘብና ጊዜ የሚበላ ነው። ለዚህ ሾፌሩንና ረዳቱን መውቀስ የተለመደ ቢሆንም፣ እኔ ጥፋቱን የማየው ከመኪናው ውጭ ነው። በማሳፈሪያዎቹ ዙሪያ ያለው መሬት፣ መኖሪያ ቤቱና የሥራ ቦታው ከትራንስፖርቱ ጋር ተያይዞ አልታቀደም፤ እንዲታቀድ ከተፈለገ ደግሞ መንግሥት ለዕቅዱ ብቻ የሚውል ገንዘብ ለይቶ መመደብ ይኖርበታል።

ከደህናው ልጀምር። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዚህ አጭር መንገድ ውስጥ ወደ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደሴ ላይ ጃኬት ደርቦ፣ አንገቱን በፎጣ ጠቅልሎ የገባ መንገደኛ ሐረጎን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ሲቃረብ አንድ በአንድ ማውለቅ ይጀምራል። ክረምት ላይ ጉም ዶሮ መዝለያ የሚባለውን የመንገዱን ክፍል ሲሸፍነው የፊተኛው መኪና የኋላ መብራት እንኳ የሚታየው በጭንቅ ነው። እንዲህ ባለው ቀን ነባሮቹ ሾፌሮች በፍሬን ብቻ አይተማመኑም፤ ማርሽ ቀንሰው መኪናውን በሞተር እየያዙ፣ ጥምዝ ላይ ጡሩምባ እየነፉ ይወርዳሉ። አንድ ቀን ከጎኔ የተቀመጡ እናት ጉሙን አይተው "ያ አላህ" ቢሉ፣ ሾፌሩ በመስታወቱ እያያቸው "አብሽሩ እናቴ፣ ይህን መንገድ ተኝቼም አውቀዋለሁ" አላቸው። እናትየው "ተኝተህስ አትንዳ!" ሲሉ መኪናው በሙሉ ሳቀ።

በጉዞው ላይ የማይወደድ ነገር ቢኖር ትርፍ ሰው መጫን ነው። ከሾፌሩ ጀርባ፣ ሞተር ላይ፣ ሦስት ሰው ፊቱን ወደ ተሳፋሪው አዙሮ ይደረደራል፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲታይም "ጎንበስ በሉልን" ይባላል። በተረፈ ረዳቶቹ በአብዛኛው ትሑታን ናቸው፤ መልስም አይደብቁም።

ችግሩ የሚጀምረው መኪናው ሳይነሳ ነው። አገልግሎቱ የሰዓት ሰሌዳ የለውም፤ መኪናው የሚነሳው ሲሞላ ነው። ማለዳ ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ይህ አሠራር ማንንም አይጎዳም፤ ሰው ስለሚበዛ መኪናው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይሞላል። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ግን ሁለት ሰው ብቻ የጎደለው መኪና ውስጥ ተቀምጬ፣ ረዳቱ "የሞላ! ሁለት ሰው ብቻ!" እያለ ሲጣራ ከ40 ደቂቃ በላይ የጠበቅሁበት ቀን ብዙ ነው፤ ጉዞው ራሱ የሚፈጀውም ያንኑ ያህል ነው። ረዳቱን ምን ብዬ ልውቀሰው? እኔ በምሳፈርበት ማሳፈሪያ ዙሪያ ያለው በአመዛኙ መጋዘንና ሱቅ ነው። በእግሩ መጥቶ የሚሳፈር ነዋሪ በአቅራቢያው ስለሌለ፣ በዚያ ሰዓት መኪናውን የሚሞላው ከሩቅ በባጃጅ የሚመጣ ሰው ነው፤ ለባጃጅ ከፍሎ ከሩቅ የሚመጣ ሰው ደግሞ ካልቸገረው በቀር እኩለ ቀን ላይ ከቤቱ አይወጣም። ባዶው ወንበርና ነዋሪ የሌለበት መሬት የአንድ ጉዳይ ሁለት ገጽታዎች ናቸው።

የማታው ከቀኑ ይብሳል። ከ11 ሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካው፣ መሥሪያ ቤቱና ትምህርት ቤቱ በአንድ ጊዜ ሲለቅ፣ ሰርቪስ ያለው ሠራተኛ በሰርቪሱ ይሄዳል፤ የሌለው ግን አስፋልቱ ዳር ይኮለኮላል። ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ዶፍ ዝናብ ወርዶ፣ መጠለያ ስላልነበረ ሠላሳ የምንሆን ሰዎች በአንዲት ሱቅ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተጣበን ቆምን። ባለሱቋ ዕቃዋ እንዳይረጥብ በፌስታል እየሸፈነች "እናንተም ደንበኛ ብትሆኑ ምናለ" አለችን። ሚኒባሱ ሲመጣ ሁላችንም በአንድ ጊዜ ሮጥን። የግራ እግሬ ጫማ ጭቃው ውስጥ ቀርቶ በካልሲ ገባሁ፤ ተራ አስከባሪው ጫማዬን ከነጭቃው አንስቶ በመስኮት አቀበለኝ። እዚያ ላይ የነበረው መሬት ለማሳፈሪያ ታስቦ ቢሆን ኖሮ፣ ጥላና ወረፋ የሚያዝበት ንጣፍ ማበጀት ከባድ ወጪ አይጠይቅም ነበር።

ከወረዱ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ደሴ ላይ ወርጄ ወደ ቤቴ የሚያስኬደው ዳገት በባጃጅ ካልሆነ በጨለማ አይሞከርም፤ ደረጃ የለውም፣ መብራትም የለውም።

ጉዳዩ ለእነዚህ ሁለት ከተሞች የተለየ ክብደት አለው። ደሴ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተጨንቃ፣ በአንድ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ የተዘረጋች ከተማ ናት፤ የሜዳ ከተሞች ብዙ ገንዘብ አፍስሰው የሚፈጥሩትን በትራንስፖርት መስመር ላይ የተሰደረ ሰፈር እርሷ ከመልክዓ ምድሯ አግኝታዋለች። ኮምቦልቻ ደግሞ ሜዳውን፣ ፋብሪካውን፣ ደረቅ ወደቡን፣ አውሮፕላን ማረፊያውንና በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚገነጠለውን መንገድ ይዛለች። ሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ሲታከልበት፣ አልጋው አንዱ ከተማ ላይ፣ እንጀራው ሌላው ከተማ ላይ የሆነ ሰው መብዛቱ አይቀሬ ነበር። ይህን ሰው የምታገናኘው ሚኒባሷ ናት። የሚያሳዝነው ሁለቱም ከተሞች የሚያቅዱት ለየብቻ መሆኑ ነው።

የሕግ መሣሪያው አለ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ከተሞች መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲያዘጋጁ ይፈቅዳል። የአካባቢ ልማት ፕላን ማለት እንደ ማሳፈሪያ ዙሪያ ያለውን አንድ የተወሰነ ቦታ ወስዶ፣ የቱ ላይ ፎቅ ቤት እንደሚሠራ፣ የቱ የእግረኛ መንገድ እንደሚሆን፣ የቱ ክፍት እንደሚተው በዝርዝር የሚያስቀምጥ ፕላን ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ካልቀደመ መሬቱ የሚሄደው ወደ ጨረታ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 የጨረታ አሸናፊ የሚለይበት አድርጎ ያስቀመጠው ደግሞ የቀረበውን ዋጋና የቅድሚያ ክፍያውን መጠን ነው። መንገደኛ በእግሩ ደርሶ የሚሳፈርበት መኖሪያ ቤት በዚህ ውድድር መጋዘንን አያሸንፍም።

ገንዘቡንስ ማን ያምጣ? በዓለም ባንክ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረውና በተለምዶ ዩአይአይዲፒ የሚባለው የከተሞች ተቋማዊ አቅምና መሠረተ ልማት ማስፋፊያ ፕሮግራም በአገሪቱ 117 ከተሞችን ያቀፈ ነበር፤ ድጋፉ ይለቀቅ የነበረው በከተሞቹ አፈጻጸም ተመዝኖ ሲሆን፣ ከተሞቹም የራሳቸውን ድርሻ ያዋጡ ነበር። በዚህ ዓይነቱ ገንዘብ የተነጠፈው ኮብልስቶንና የተገነባው የጎርፍ ማፍሰሻ ኑሯችንን አሻሽሎታል፤ ይህን የሚክድ ጭቃውን የረሳ ሰው ብቻ ነው። ነገር ግን ለድንጋይ ንጣፍ የሚመደብ ብርና ድንጋዩ ወዴት መምራት እንዳለበት ለማጥናት የሚመደብ ብር ይለያያሉ። ሰፈሬ ያለው ኮብልስቶን እጅግ ያማረ ነው፤ ማሳፈሪያው ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግን ይቆማል።

በዚህ ረገድ አሜሪካኖች የሄዱበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል። የፌዴራል ትራንዚት አስተዳደራቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ የትራንስፖርት ሕግ የተቋቋመ አንድ የሙከራ ፕሮግራም አለው፤ በዚህ ፕሮግራም የሚሰጠው ድጎማ ለግንባታ አይውልም፣ የሚውለው በአዲስ የባቡር ወይም የራሱ መስመር ባለው የፈጣን አውቶቡስ ጣቢያዎች ዙሪያ መኖሪያ ቤትና የንግድ ቦታ እንዴት እንደሚለማ፣ እግረኛው እንዴት እንደሚደርስ፣ የግል ባለሀብቱ እንዴት እንደሚሳብ ለማቀድ ነው። እኔን የማረከኝ ግን ከገንዘቡ ይልቅ ቅድመ ሁኔታው ነው፦ የትራንስፖርቱ ፕሮጀክት ባለቤትና በመሬት አጠቃቀም ላይ ሥልጣን ያለው አካል ተጣምረው ካልቀረቡ ድጎማውን አያገኙም። እኔ ስለ ማሳፈሪያው መጠለያ ለመጠየቅ ሁለት ቢሮ ተመላልሻለሁ። አንደኛው "እኛ ስምሪትና ታሪፍ እንጂ መሬት አናውቅም" አለኝ፤ ሁለተኛው "መሬት እንጂ ትራንስፖርት የእኛ አይደለም" ብሎ መለሰኝ። ሁለቱም ከሥልጣናቸው አንጻር እውነታቸውን ነው፤ ሁለቱን በአንድ ጠረጴዛ የሚያስቀምጥ ገንዘብ ግን የለም።

የአገራችን ልምድም ያስተምራል። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. መግቢያ ሥራ ሲጀምር 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሲሆን፣ አብዛኛው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነበር። በዚያው ዘመን መዲናዋ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን በብዛት የሠራችው እንደ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባሉ፣ ከሐዲዱ በራቁ ዳርቻዎች ነው። ቤቱ በአንድ በኩል፣ ባቡሩ በሌላ በኩል ተሠራ፤ በመካከል ያለውን ርቀት የሚከፍለው በየማለዳው ለታክሲ የሚሰለፈው ነዋሪ ነው።

ኮምቦልቻ ይህን ስህተት ላለመድገም ጊዜው ገና አላለፈባትም። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሀራ ገበያ የሚዘልቀው፣ በቱርኩ ያፒ መርከዚ የተገነባውና 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍነው የባቡር መስመር በከተማዋ ያልፋል። ባቡሩ መንገደኛ ማመላለስ ሲጀምር የጣቢያው ዙሪያ በየግሉ ተሸንሽኖ ካለቀ፣ ከሚኒባሱ ማሳፈሪያ የሚለየው በስፋቱ ብቻ ይሆናል። ሁለቱ ከተሞች በጋራ ቢያመለክቱና ክልሉ ወይም ፌዴራል መንግሥቱ የዕቅድ ገንዘብ ቢመድብ፣ በመጀመሪያ መሠራት ያለበት የተሳፋሪ ቆጠራ ነው፤ ቀጥሎ የደሴ ተዳፋት ለመንሸራተት የተጋለጠ ስለሆነ ፎቅ ከመፈቀዱ በፊት የአፈር ጥናት፣ ከዚያም ለዳገቱ የእግረኛ ደረጃና መብራት። ቤት የሚሠራው ገንዘብ ከማኅበራትና ከባለሀብት ሊገኝ ይችላል፤ የተሳፋሪ ቆጠራና የአፈር ጥናት ግን ማንም በግሉ አያሠራም።

ለጉዞው ከአምስት አራት፣ ለማሳፈሪያዎቹ ከአምስት አንድ እሰጣለሁ፤ አንዷም ለዚያ ጫማዬን ላቀበለኝ ተራ አስከባሪ ናት። አዲስ ተሳፋሪ ከደሴ በማለዳ ከ1 ሰዓት በፊት ቢነሳ፣ ከኮምቦልቻ ደግሞ ፋብሪካው ሳይለቅ ከ10 ሰዓት ተኩል በፊት ቢመለስ ብዙ አይጉላላም። ክረምት ላይ ጃንጥላ ይያዝ፤ ጫማውንም ጠበቅ አድርጎ ይሰር።