ፕሬዠር ኩከር ለጠባብ ወርሃዊ በጀት፦ ምድጃ ላይ የሚጣደው ባለ ስድስት ሊትሩ ሲመዘን

ገቢና ወጪያቸው ለጥቂት በሚገናኝባቸው ቤተሰቦች ዘንድ «ገንዘብ ይቆጥባል» ተብሎ የሚሸጥ የወጥ ቤት ዕቃ ሁሉ በጥርጣሬ ሊታይ ይገባል። ዕቃው ራሱ አስቀድሞ ገንዘብ ያስወጣል፤ ቁጠባው ግን የሚመጣው ኋላ ላይ ነው፣ ያውም ዕቃው መደርደሪያ ላይ ከመቀመጥ አልፎ ሥራ ላይ ከዋለ ብቻ። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መፍጫዎች፣ መጥበሻዎችና መቁረጫዎች በዚህ መመዘኛ ይወድቃሉ፤ ድካም ይቀንሱ ይሆናል እንጂ ከወሩ የአስቤዛ ወጪ ላይ የሚያነሡት ነገር የለም። በእኔ ግምገማ ይህን ፈተና በግልጽ ከሚያልፉት ጥቂት ዕቃዎች አንዱ ፕሬዠር ኩከር ነው። እዚህ የምመዝነው ምድጃ ላይ የሚጣደውን፣ ስድስት ሊትር የሚይዘውን፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራውንና በስፕሪንግ ቫልቭ (በስፕሪንግ ኃይል በሚከፈትና በሚዘጋ የእንፋሎት መውጫ) የሚሠራውን ዓይነት ነው፤ በቤታችን ለረጅም ጊዜ ያገለገለንም እሱ ነው። የአንድ አምራች ምርት ለማስተዋወቅ ስላልፈለግሁ የማነሣቸው ነጥቦች በዚህ ዓይነት ዕቃ ላይ በጠቅላላው የሚሠሩ ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ክዳኑ ዙሪያውን በጎማ ስለሚታሸግ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ እንፋሎቱ በታመቀ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ይላል። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ በተራ ድስት ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ እሳቱን የቱንም ያህል ብናበዛበት ከዚያ አያልፍም። ከከባቢው አየር በላይ 1 ባር ገደማ ግፊት በሚይዝ ፕሬዠር ኩከር ውስጥ ግን ሙቀቱ 120 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል፣ ለረጅም ጊዜ ይበስል የነበረውም ምግብ በሲሶው ጊዜ ወይም ከዚያ ባነሰ ይደርሳል። በከፍታ ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው ጥቅሙ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል፤ ምክንያቱም በየ300 ሜትሩ የመፍያ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ 2,400 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ደረቅ ጥራጥሬ በተራ ድስት ቢጣድ አልበስል ብሎ ማገዶ መፍጀቱ የድስቱም የአብሳዩም ጥፋት አይደለም።

ዕቃው ከመነሻው ለቁጠባ የታሰበ ነበር። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ዴኒ ፓፓን እ.ኤ.አ. በ1679 የመጀመሪያውን ሲሠራ ዓላማው አጥንትን አለስልሶ የሚበላ ነገር ማውጣት ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ኢቭሊን በ1682 በዚሁ ማብሰያ የተሰናዳ እራት ሮያል ሶሳይቲ ከተባለው የእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር አባላት ጋር በልቶ፣ ጠንካራ የበሬና የበግ አጥንት እንደ አይብ መለስለሱንና ለዚህ ሁሉ የነደደው ከሰል 8 አውንስ፣ ማለትም ሩብ ኪሎ እንኳ እንደማይሞላ በዕለት ማስታወሻው አስፍሯል። ዛሬም የቤትን ወጪ የሚቀንሰው በእነዚያው ሁለት መንገዶች ነው፦ በማገዶና በርካሽ ጥሬ ዕቃ።

ማገዶ ስል ከሰልንም፣ ጋዝንም፣ ኤሌክትሪክንም ማለቴ ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ ድረስ የሚወስደው ጉልበት 335 ኪሎጁል ገደማ ሲሆን፣ ያንኑ የፈላ ውሃ በሙሉ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን 2,257 ኪሎጁል ያስፈልጋል። ስለዚህ ክዳኑ ተከፍቶ ሲንተከተክ የሚውል ድስት አንድ ሊትር ውሃ በተነነበት ቁጥር፣ ሰባት ሊትር የሚጠጋ ቀዝቃዛ ውሃ ሊያፈላ ይችል የነበረ ጉልበት አብሮ ይባክናል። ፕሬዠር ኩከር የሚዘጋው ይህን ቀዳዳ ነው። በእኛ ድስት ክዳን መሃል ላይ ግፊቱ ሲጨምር ቀስ እያለ ብቅ የሚል አጭር ዘንግ አለ፤ በዘንጉም ላይ ሁለት ቀለበቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው ቀለበት ሲወጣ እሳቱ ይቀነሳል፣ ሁለተኛው ሲወጣ ደግሞ ሳይጠፋ ሊቆይ እስከሚችልበት ዝቅተኛ መጠን ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ድስቱ ያለ ብዙ ድምፅ ሥራውን ይቀጥላል። እንዲህ ያለው ቫልቭ እያፏጨ እንፋሎት መትፋት ከጀመረ እሳቱ በዝቷል ማለት ነው። ብዙ ሰው ፉጨቱን የመብሰል ምልክት አድርጎ ስለሚወስደው እሳቱን እንዳለ ይተወዋል፣ የዕቃው ዋነኛ ጥቅምም በዚያው ይተናል። በስፕሪንግ ፈንታ መውጫው ላይ በሚቀመጥ ክብደት የሚሠራው ዓይነት እንዲያፏጭ ሆኖ የተሠራ በመሆኑ ጥቂት እንፋሎት ማባከኑ አይቀርም፤ ይሁንና አሠራሩ ቀለል ያለና ብዙ ጊዜም በዋጋው ዝቅ ያለ ስለሆነ በፍጹም አልነቅፈውም።

እዚህ ላይ ለገዢ መነገር ያለበት እውነት አለ። ከማገዶው ቁጠባ የተወሰነው ምንም ሳይገዛ ሊገኝ ይችላል። ተራ ድስትም ቢሆን ክዳኑ ከተገጠመና ውሃው መፍላት እንደጀመረ እሳቱ ከተቀነሰ ብዙ ጉልበት ይተርፋል፤ በኃይል የሚንተከተክ ውሃ በዝግታ ከሚፈላው ውሃ አይሞቅምና። ይህን ገና ያልጀመረ ቤት ከዚህ ይጀምር። ፕሬዠር ኩከር የሚጨምረው ከዚያ በላይ ያለውን ነው።

ከማገዶው ይልቅ በወሩ ሂሳብ ላይ ጎልቶ የሚታየው ግን ሁለተኛው መንገድ ነው። በጀቱ የጠበበ ቤተሰብ ደረቅ ጥራጥሬ ርካሽና ገንቢ መሆኑ አይጠፋውም፤ የሚያግደው ጊዜው ነው። ከሥራ ተመልሶ አመሻሽ ላይ ወጥ ቤት የሚገባ ሰው ሽምብራ ወይም ቦሎቄ እስኪበስል ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠበቅ ስለማይችል በጣሳ የታሸገውን ወይም የተዘጋጀውን ምግብ ይገዛል፤ ወርሃዊው በጀት ሳይታወቅ የሚሸረሸረው በእነዚህ ምሽቶች ነው። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረ ሽምብራ በፕሬዠር ኩከር ከ15 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ይበስላል፤ መዘፍዘፉ የተረሳ እንደሆነም ከ35 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃዋል። ሂሳቡን ማየት ለሚፈልግ፦ 400 ግራም የሚል ጽሑፍ ያለበት የታሸገ ቦሎቄ ፈሳሹ ሲጠነፈፍ የሚቀረው 240 ግራም አካባቢ ነው፤ ግማሽ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ ግን ሲበስል ውሃ ጠጥቶ ከአንድ ኪሎ ይበልጣል። የአንድ ግማሽ ኪሎ ከረጢት ዋጋ ከአራት እስከ አምስት ከሚደርሱ ጣሳዎች ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱን እያንዳንዱ አንባቢ በሚገበይበት ቦታ ዋጋ ራሱ ሊያሰላው ይችላል። ከዚህም ሌላ ለረጅም ጊዜ በመከማቸቱ የደረቀና በተራ ድስት አልለሰልስ የሚል ጥራጥሬ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዕቃ ይሸነፋል። ቲማቲምና ሎሚን የመሰሉ ኮምጣጣ ነገሮች ግን ጥራጥሬው ከለሰለሰ በኋላ መጨመር አለባቸው፤ ቀድመው ከገቡ መለስለሱን ያዘገዩታል።

በሥጋም በኩል ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ጅማት የበዛበት ሥጋና አጥንት በዋጋ ዝቅ የሚሉት ጠንካራ ስለሆኑ እንጂ ጣዕም ስለሌላቸው አይደለም፤ እንዲያውም ጅማቱን የሠራው ኮላጅን ሲበስል ወደ ጄላቲን እየተለወጠ መረቁን ወፍራምና ጣፋጭ ያደርገዋል። በተራ ድስት ሦስት ሰዓት የሚፈጅ ሥጋ በዚህ ዕቃ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ከአጥንቱ ይለያል፤ ከተጋጠ በኋላ ይጣል የነበረው አጥንትም ከሽንኩርትና ከካሮት ቅራፊ ጋር ተመልሶ ቢጣድ ለሌላ ቀን ሾርባ የሚሆን መረቅ ይወጣዋል። ወር መጨረሻ ላይ ገንቢ ምግብ ከገበታው እንዳይጠፋ ለሚጨነቅ ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ለዚህ ዕቃ ያለኝ አድናቆት የመጣውም በአብዛኛው ከዚሁ ነው።

መጠኑን በተመለከተ «ስድስት ሊትር» የሚለው ጽሑፍ ሊያሳስት ይችላል። የዚህ ዓይነት ድስት ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላም፤ ጥራጥሬና አረፋ የሚያወጣ ነገር ሲሆን ደግሞ ከግማሽ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ በተግባር የምናገኘው ለወጥና ለሾርባ አራት ሊትር፣ ለጥራጥሬ ሦስት ሊትር ነው። ለአራትና ለአምስት ሰው ቤተሰብ ይህ ልክ ነው። ቁጠባው ይበልጥ የሚታየው ለሁለት ሦስት ቀን የሚሆነውን በአንድ ጊዜ አብስሎ በማስቀመጥ ሲሆን፣ የበሰለው ምግብ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ማቀዝቀዣ ገብቶ በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥ መበላት አለበት፤ የተበላሸ ምግብ መጣል የተቆጠበውን ሁሉ መልሶ ይወስዳል።

ድክመቶቹም መታወቅ አለባቸው። ቅጠላ ቅጠል፣ ፓስታ፣ እንቁላልና ቶሎ የሚበስል የተከካ ምስር በዚህ ዕቃ መሥራት ትርፍ የለውም፤ ግፊቱ እስኪሞላ የሚወስደው ጊዜ ብቻ ከማብሰያው ጊዜ ጋር ይስተካከላል። ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ቀምሶ ማስተካከል አይቻልም፣ ውሃው ስለማይተንም ምግቡ ቀጥኖ ሊወጣ ይችላል፤ ልምዱ እስኪገኝ ድረስ ውሃ መቀነስንና ክዳኑ ከተነሣ በኋላ ጥቂት ማፍላትን ይጠይቃል። ከሁሉም የሚያሳስበው ግን ጎማው ነው። የክዳኑ ጎማ በሙቀት ብዛት ቀስ በቀስ ይደርቃል፣ ይጠብባል፣ ጠርዙም ይሰነጠቃል። መድረቁ የሚታወቀው ድስቱ ግፊት ለመያዝ ከወትሮው ሲዘገይና በክዳኑ ዙሪያ ቀጭን የእንፋሎት ጭረት፣ ቀጥሎም በጎኑ የሚወርድ የውሃ ጠብታ ሲታይ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው እሳቱን ይጨምራል፤ ከዚያም ማገዶው ይበዛል፣ ውሃው ያልቃል፣ ምግቡም ያራል። መፍትሔው አዲስ ጎማ ብቻ ነው። በመሆኑም አንድ ድስት ከመግዛቴ በፊት መጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋውን ሳይሆን ጎማውና ቫልቩ ለብቻቸው የሚሸጡ መሆናቸውን ነው። መለዋወጫ የማይገኝለት ፕሬዠር ኩከር ምንም ያህል ቢረክስ በጀቱ ለጠበበ ሰው አይሆንም።

አደጋውን የሚፈሩ ሰዎች ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሆኖም ጥንቃቄው ከባድ አይደለም። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ሳይወርድ ክዳኑን በጉልበት ለመክፈት መሞከር ፈጽሞ አይገባም፣ የቫልቩ ቀዳዳም ከመጣዱ በፊት ወደ ብርሃን ተይዞ አለመደፈኑ መታየት አለበት። በዘይት መጥበስም በዚህ ዕቃ አይሞከርም። ቀይ ቦሎቄን በተመለከተ አንድ ነገር ላክል፦ ጥሬው ሆድ ክፉኛ የሚያውክ መርዝ ስላለው ቢያንስ ለአምስት ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ፣ በሚገባ መፍላት አለበት። ማገዶ ለመቆጠብ ሲባል ለብ ባለ እሳት ላይ ማዋሉ አደገኛ ነው፤ ፕሬዠር ኩከሩ ግን በከፍተኛ ሙቀት ስለሚያበስለው በዚህ ረገድ የተሻለ ነው።

የኤሌክትሪኩ ዓይነት ሰዓቱን ጠብቆ ራሱ ስለሚጠፋ ልጆች ለሚጠብቅ ወይም ሌላ ሥራ ለያዘ ሰው ይመቻል፣ ሙቀቱንም በደንብ ይይዛል። ቢሆንም የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ ሲበላሽ ዕቃው በሙሉ ሥራ ስለሚያቆም፣ መብራት ሲጠፋም ስለማያገለግል፣ ለረጅም ዕድሜ ስል የምድጃውን እመርጣለሁ። ያገለገለ የሚገዛ ሰው የድስቱ ታች ዝርግ መሆኑን፣ የእጀታው ብሎን አለመላላቱንና ክዳኑ ያለ ትግል መግጠሙን ካየ በኋላ፣ ከተቻለ ሁለት ብርጭቆ ውሃ አድርጎ እሻጩ ዘንድ ሊጥደው ይገባል። የአሉሚኒየሙ በዋጋ ይቀንሳል፣ ሙቀትም በፍጥነት ያስተላልፋል፤ ኮምጣጣ ምግብ ለሚያዘወትር ቤት ግን የማይዝገው ብረት ይሻላል።

ረጅም ጊዜ የሚፈጅ ምግብ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ለሚያበስል ቤት ይህን ዕቃ ያለማመንታት እመክራለሁ፤ በወር አንዴ ብቻ ለሚያበስል ግን ገንዘቡን ለሌላ ጉዳይ ቢያውለው ይሻላል፣ ዕቃውን ለመግዛት በወለድ መበደርም ለማንም አይበጅም። የገዛ ሰው ውጤቱን በግምት ከሚተው የጋዝ ሲሊንደሩ የተገጠመበትን ቀን በወረቀት ጽፎ እላዩ ላይ ይለጥፍና ያለ ፕሬዠር ኩከር ከቆየበት ጊዜ ጋር ያወዳድር፤ በኤሌክትሪክ የሚያበስልም ያንኑ ምግብ በሁለቱም ድስት ሠርቶ ከመጣዱ በፊትና በኋላ ቆጣሪውን ቢያነብ ልዩነቱን በቁጥር ያገኘዋል። ድስቱ ታጥቦ ሲቀመጥ ክዳኑ ሳይቆለፍ ተገልብጦ ከላይ ይቀመጥ፣ ጎማውም እንዳይጨፈለቅ ለብቻው ይድረቅ፤ መለዋወጫ ጎማም ገበያ ላይ እያለ አንድ ተገዝቶ ቢቀመጥ ጥሩ ነው።