ድሬዳዋ ላይ የእርባታ አይጥ ለምትፈልጉ፦ የሸጠልኝ ስምንቱም ወንዶች ናቸው

ይህን የምጽፈው ትናንት ማታ ከዚያ ሰው ሱቅ ባዶ እጄን ተመልሼ፣ ንዴቱ እንቅልፍ ነስቶኝ ካደረ በኋላ ነው። 4,800 ብር ከፍዬ ስምንት ወንድ አይጦች ገዝቻለሁ። ያውም ለእርባታ!

ሻጩን ስሙን ባልጠራውም ታውቁታላችሁ። ዋጋ ከመናገሩ በፊት የሚምለው፣ ወንበር የሚያቀርበው፣ ሻይ የሚያስመጣው፣ «ለእርስዎ ስለሆነ ነው እንጂ» የሚለው ዓይነት ሰው ነው።

ፈቃድ አውጥቼ ለተማሪዎች ማሳያ የማኖራቸው ሁለት ሳንድ ቦአዎች አሉኝ፤ በቆላው አሸዋ ውስጥ ተቀብረው የሚኖሩ፣ መርዝ የሌላቸው፣ ሰው ግን ባያቸው ቁጥር በድንጋይ የሚጨፈጭፋቸው እባቦች። ለቀለባቸው ከአዲስ አበባ የማስመጣቸው ነጭ አይጦች ሙቀቱን መቋቋም አቅቷቸው ሲያልቁብኝ፣ የአገሩን ባለ ብዙ ጡት አይጥ ላራባ ወሰንኩ። ያንን በየማሽላው ማሳ ገበሬውን የሚያስለቅሰውን ማለቴ ነው። የሴቷ ጡት እስከ 24 ይደርሳል፤ በ23 ቀን ገደማ ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜ አስርና ከዚያም በላይ ልጆች ትጥላለች። ሁለት ጥሩ ሴቶች ቢኖሩኝ ለእባቦቼ በበቁኝ ነበር። እሱም «ስድስት ሴት፣ ሁለት ወንድ፣ ሁሉም እዚሁ ቤቴ የተወለዱ» አለኝ።

ያቺን ደቂቃ ልንገራችሁ። ሴቷን አሳይቶኛል፤ አልዋሽም። በማጅራቷ ቆዳ ይዞ ገለበጣትና ከብብቷ እስከ ጭኗ በሁለት ረድፍ የተደረደሩትን ጡቶች በጣቱ ቆጠረልኝ። የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ ነው። ሆዷ ተወጥሯል፤ እርጉዝ ናት። ዓይኔ እያየ ካርቶኑ ውስጥ አስገባት፤ ሌሎቹንም አስከተለ። ከዚያ ካርቶኑን አንስቶ «ጋሼ፣ መንገድ ላይ እንዳይጨነቁ ሣር ላድርግላቸው» ብሎ ከመጋረጃው ጀርባ ገባ። ሁለት ደቂቃ እንኳን አይሞላም። የሆነ ነገር ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። እኔ ሻዬን እጠጣለሁ። ሲመለስ ካርቶኑን በሲባጎ ጥርቅም አድርጎ አስሮታል። «ቤትዎ እስኪደርሱ እንዳይከፍቱት፤ ብርሃን ያስደነግጣቸዋል» አለኝ። እኔም አመስግኜው ወጣሁ። ስንት ዓመት እንስሳ ይዤ የኖርኩ ሰው፣ ያንን ሲባጎ ፈትቶ ለማየት አስር ሰከንድ ነፈግኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ማታ ከልጄ ጋር ከፈትነው። አንዱን ገለበጥኩ፤ ወንድ። ሁለተኛውን፤ ወንድ። ስምንተኛው ላይ ስደርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሁለቱ እግር በወጥመድ ሽቦ ተልጧል፤ ከማሳ የተያዙ የዱር አይጦች ናቸው። ሌሊቱን ሲናከሱ አድረው ጠዋት ሦስቱን ሞተው አገኘኋቸው። ገንዘቡስ ይሁን። የዱር አይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለውን በሽታ ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል፤ እኔ ግን «ቤቴ የተወለዱ» የሚለውን ቃል አምኜ ልጄን ያንን የራሰ ሣር በባዶ እጇ አስነካኋት። ይህንን ለራሴ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ትናንት ስመለስ ወንበሩም ሻዩም ቀርቷል፤ ጋሼ መባሉም ቀርቷል። ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል «ጾታቸውን ጽፌ ሰጥቼሃለሁ?» አለኝ። ደረሰኝ እንዲሰጠኝ ስጠይቀው ረዳቱን ጠርቶ «ና ስማ፣ ሰውዬው ለአይጥ ደረሰኝ ይፈልጋል» አለው። ተያይተው ሳቁ። ረዳቱ መጋረጃውን ገልጦ ሲወጣ ከኋላው የሽቦ ቤት አየሁ። ያቺ እርጉዝ ሴት እዚያ ውስጥ ሣሯን ትበላለች። በጆሮዋ አወቅኋት።

መግዛታችሁ ካልቀረ ጓንት አድርጋችሁ አንድ በአንድ ራሳችሁ ገልብጡ፤ ካርቶኑንም ራሳችሁ እሰሩ። የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ እርጉዝ አይጥ ካሳያችሁ ግን ገንዘባችሁን ከኪሳችሁ ሳታወጡ ውጡ።