ስኪ ልትሞክሩ ያሰባችሁ፣ ይህችን ልጅ ያዟት

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ለመጠቆምም ጭምር። በተለይ ስዊዘርላንድ ውስጥ ዙሪክና ሉዘርን አካባቢ ለምንኖር ሀበሾች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በ2026 የፈረንጆቹ ፋሲካ አፕሪል 5 ነበር የዋለው፤ የኛ ሆሳዕና ዕለት። ከአርብ እስከ ሰኞ ሥራ የለም። ልጆቼ ደግሞ «ከክፍላችን ስኪ የማይችል እኛ ብቻ ነን» እያሉ ክረምቱን ሙሉ ነዝንዘውናል። በዚያ ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋ ናት። ሁዳዴን አጥብቃ ትጾማለች። ከቤታችን ስኪ (የበረዶ መንሸራተቻ) እግሩ ላይ አድርጎ የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ይሄን ሁሉ ጣጣ አንድ አጭር ጉዞ ውስጥ የሚያስገባልን ሰው ስንፈልግ ነው ጓደኛዬ ይህችን ልጅ የጠቆመችኝ።

የምትኖረው ሉዘርን ነው። ተራራ ላይ ሆቴል ውስጥ ለዓመታት ሠርታለች፤ ስኪም አሳምራ ትጫወታለች። አሁን በትርፍ ጊዜዋ ለቤተሰቦች አጫጭር የተራራ ጉዞ ታሰናዳለች። ክፍያዋ ለአንድ ቤተሰብ ቁርጥ ነው። ሆቴሉ ቢወደድ፣ ቲኬቱ ቢበዛ እሷ የምታገኘው አይጨምርም። መልካምነቷ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄም ወጪያችንን እንድትቀንስ ሳያግዛት አልቀረም። ከሷ በፊት ያናገርነው ሌላ አሰናጅ፣ ስሙ ይቅርና፣ ተራራውን በሙሉ የሚያስኬድ ቲኬት ለሁላችንም ደምሮ ነበር ዋጋ የላከልን። ለእናቴም!

እሷ ዋጋውን ስታየው «የመጀመሪያ ቀን ተማሪ እዚያ ላይ ወጥቶ ምን ሊሠራ ነው?» አለችኝ። ለኛ የጀማሪዎቹን ሜዳ ብቻ፣ ለእናቴ ደግሞ በገመድ ላይ በሚሄደው ጎንዶላ ደርሶ መልስ ብቻ። ሒሳቡ እዚያው ላይ አነሰ።

ቦታውንም የመረጠችው እሷ ናት። አፕሪል ላይ ዋናው ነገር ከፍታ ነው አለችን። ዝቅ ያሉት መንደሮች ዘንድ በዚያ ጊዜ በረዶው እየሟሟ ሣሩ ብቅ ይላል። ዘርማትና ሳስ ፌ ከፍ ስለሚሉ በረዷቸው ያስተማምናል፤ ዘርማት ኬብል ካሩ 3,883 ሜትር ድረስ ያወጣል። ግን ከዙሪክ ተነስቶ ለአጭር እረፍት ዘርማት መሄድ ጊዜን ባቡር ላይ መጨረስ ነው። ስለዚህ እንግልበርግ አለች፣ ቲትሊስ ተራራ ሥር። መንደሩ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚያ አበባ ፈክቶ ነበር። ጎንዶላው ትሩብዜ የሚባለው ጣቢያ ሲያደርሳችሁ 1,800 ሜትር አካባቢ ናችሁ፤ የጀማሪ ሜዳው በበረዶ እንደተሸፈነ ነው። የመጨረሻው ጣቢያ 3,020 ሜትር ላይ ነው።

ባለቤቴ በመኪና እንሂድ ብሎ ነበር። እሷ ግን በፋሲካ ወደ ጎታርድ ዋሻ የሚወርደው መንገድ እንዴት እንደሚጨናነቅ ታውቃለችና እሺ አላለችም። ሉዘርን ላይ ቀይረን በባቡር ገባን። ሃልብታክስ የሚባለውን የግማሽ ዋጋ ካርድና የልጆቹን የባቡር ካርድ እንዳንረሳ ቀድማ አስታውሳናለች። ከጣቢያው እስከ ጎንዶላው ያለውን መንገድ የስኪ አውቶቡሱ ይጨርሰዋል።

ልብሱንም አትግዙ አለች። ሱሪና ጃኬት ከጓደኛ ተዋሱ፣ ካልሆነም ብሮኪ (ያገለገለ ዕቃ መሸጫ) ፈልጉ። ያገለገለ ሄልሜት ግን አይገዛም፤ ከዚህ በፊት መመታት አለመመታቱን ማን ያውቃል? ሄልሜት፣ ጫማና ስኪ ተከራዩ አለችን።

ኪራይ ቤቱ ድረስ አብራን መጣች። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የልጅቷን ሙያ ያየሁት እዚያ ነው። ሠራተኛው ቅጽ ሰጠን፦ ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደት። ባለቤቴ ክብደቱን ሲጽፍ ጠጋ ብላ አየችና «ጋሼ፣ ይቺ የሠርግዎ ጊዜ ኪሎ ናት?» አለችው። ሳቅን። እሷ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ጫማውን ከስኪው ጋር የሚይዘው ማሰሪያ የሚስተካከለው በነዚህ ቁጥሮች፣ በጫማው ሶል ርዝመትና በችሎታ ነው። ከልክ በላይ ከጠበቀ ስትወድቁ አይለቃችሁም፤ ጉልበት የሚበላሸው ያኔ ነው። ከላላ ደግሞ መሀል መንገድ ላይ ይፈታል። ቁጥሩ ተሰርዞ እውነተኛው ተጻፈ።

ቀጥሎ ካልሲ። ባለቤቴ ብርድ ፈርቶ ሁለት ደርቧል። አንዱን አስወለቀችው፤ እግር ሲጨናነቅ ደም በደንብ አይዘዋወርም፣ ብርዱም ይብሳል። አንድ ቀጭን ረጅም ካልሲ ይበቃል፤ የሱሪው ጫፍም ጫማው ውስጥ አይገባም። ከዚያ አቆመችው። ቀጥ ሲል አውራ ጣቱ የጫማውን ጫፍ ነካ። ጉልበቱን ሸብረክ ሲያደርግ ጣቱ ወደ ኋላ ሸሸ። «ልክዎ ይሄ ነው» አለች። ሠራተኛው ራሱ ቆሞ ነበር የሚያያት።

ሌላው የሰዓት ነገር ነው። የፀደይ በረዶ ሌሊት ይጠጥራል፣ ቀን ይቀልጣል። በማለዳ ሜዳው እንደ መስታወት ነው፤ ጀማሪ ቁጥጥር ያጣል። ከሰዓት ደግሞ እንደ ጭቃ ይሆንና ስኪውን ይይዛል። ስለዚህ የልጆቹንም የኛንም ትምህርት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር፣ አስያዘችልን። ያቺ መሀል ላይ ያለችው ጊዜ ወርቅ ናት። በረዶው ከላይ ለስለስ ይላል፣ ከሥር ጠንካራ ነው። ልጆቹ የስኪያቸውን አፍንጫ ገጥመው «ፒዛ» እየሠሩ መቆም የቻሉት በዚያች ሰዓት ነው። ባለቤቴ ፒዛው ዘግይቶበታል።

ከሰዓት በኋላ ከምልክቱ ውጭ አንድ እርምጃ እንዳንወጣም አስጠንቅቃናለች። ፀሐይ የመታው ቁልቁለት ላይ እርጥብ በረዶ የሚናደው በዚያ ጊዜ ነው። ከ1 እስከ 5 የሚሰጠውን የበረዶ ናዳ አደጋ ደረጃ ከዳቮሱ የበረዶ ተቋም ማታ ማታ አይታ ትልክልን ነበር። የሬጋ፣ የአየር አድን ድርጅቱ፣ ሄሊኮፕተር ቁጥር 1414 መሆኑንም ስልካችን ላይ አስመዝግባናለች። ስለ ኢንሹራንስም ጠይቃናለች፦ እዚህ አንድ ቀጣሪ ዘንድ በሳምንት ቢያንስ 8 ሰዓት የሚሠራ ሰው ከሥራ ውጭ ለሚደርስበት አደጋም ዋስትና አለው። ልጆችና እንግዶች ግን በራሳቸው ኢንሹራንስ ነው፤ ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

የፀሐይ ቅባቱን ነገር «እኛ አንቃጠልም» ያላችሁ እንደሆነ አትሰማችሁም። በረዶ ጨረሩን ከታች መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል፤ አገጭ ሥር ሳይቀር ተቀቡ ትላለች።

አሁን ወደ እናቴ። «ደም ግፊቴ ተራራ አይወድም» ብላ ልትቀር ነበር። ልጅቷ በስልክ «እማዬ፣ የሚቀመጡበት ቦታ እኮ ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል» ብትላት ዝም አለች። ከዚያ የምግቡ ጉዳይ መጣ። አልፕስ ላይ ምሳ ማለት አይብ ማለት ነው፤ ፎንዱም ራክሌትም ያው ነው። ልጅቷ ሬስቶራንቱ ጋ ደውላ አንድ በአንድ ጠየቀች። ሮሽቲው (የተፈቀፈቀ ድንች) በቅቤ ነው የሚጠበሰው፤ ይቅር። የአትክልት ሾርባው ክሬም አለው፤ ይቅር። የድንች ጥብሱ በዘይት ነው። እናቴ ከ9 ሰዓት በፊት ስለማትቀምስ ምጣዱ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራም አረጋገጠች። «በሶ ካላችሁም ያዙ» አለች። ያዝን። ትሩብዜ በረንዳ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ፣ የልጄን የፀሐይ መነጽር አድርጋ የተቀመጠችው እናቴ ከሁላችንም በላይ ተዝናንታለች። አላፊ አግዳሚው ፈገግ ብሎ ያልፋል። የበሶ ጭብጦውን አስተማሪው ሳይቀር ቀመሰላት።

ቅዳሜ ማታ ቤታችን ገባን። ይሄም የሷ ዕቅድ ነው፤ እሁድ ሆሳዕና ስለሆነ ቤተ ክርስቲያን መድረስ አለባችሁ ብላ ገና ሳንጠይቃት እንዲህ አድርጋ ነበር የሠራችው። የትኛውም አሰናጅ ይሄን አያስብልንም።

«ሀበሻና ስኪ ምን አገናኛቸው?» ለሚሉ ዘመዶቼም አንድ ነገር ልበል። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በክረምት ኦሊምፒክ በስኪ ተወዳድሯል። ስለዚህ ነገሩ ተጀምሯል።

እንከኗንም ልናገር። የድምፅ መልእክቷ ረጅም ነው፤ ሻይ ይዞ ማዳመጥ ያስፈልጋል። ቅዳሜና እሁድ ራሷ ተራራ ላይ ስለምትሆን ስልክ አታነሳም። መልስ የምትሰጠው ሰኞ ማታ ነው። ቁርጥ ያለ ፕሮግራም የሌለው ሰውም ትንሽ ያናድዳታል።

ስሟና ስልኳ በአደባባይ እንዲለጠፍ አትፈልግም። የፈለገ በውስጥ ይጻፍልኝ፣ አገናኛለሁ። ስትጽፉ የሰዉን ብዛት፣ የልጆቹን ዕድሜና ከየት እንደምትነሱ አብራችሁ ላኩ። በ2027 የፈረንጆቹ ፋሲካ ማርች 28 ነው፣ የኛ ሜይ 2። አሁንም ጾም ውስጥ ይውላል ማለት ነው፤ የሚጾም ካለ እሱንም ቀድማችሁ ንገሯት። ለፋሲካ ሰሞን ክፍል ቶሎ ስለሚያልቅ ከገና በፊት ብታናግሯት ይሻላል።